የተቆለለ ቁና

ጋሪዎቹ የምሽጉን በር አልፈው ገና ሳይቆሙ ፈረሶቹ ሽታውን አገኙት።

መጀመሪያ አንዲት ባዝራ አሽካካች። ተከትለው አርባውም አንድ ላይ ጮኹ። ገንዳ በኮቴ ተደበደበ፣ ገመድ ተወጠረ፣ አንዱ የጋጥ በር ከነማጠፊያው ተነቅሎ ወደቀ። ሃያ ሦስት ቀን ተከበው የከረሙ ፈረሶች ናቸው። መጀመሪያ የነበረውን ድርቆሽ ሣር ጨረሱ፤ ቀጥሎ ጭዱን፤ ከዚያ የገዛ ጋጣቸውን የሣር ክዳን፤ በመጨረሻ የገንዳውን ጠርዝና የእርስ በርሳቸውን ጭራ እስከማኘክ ደረሱ። ዛሬ ጠዋት ጠላት ከበባውን ትቶ ወደ ወንዙ ማዶ ፈቀቅ ሲል፣ ከኋላ ሲጠበቅ የነበረው አሥራ ሁለት ጋሪ ገብስና ሣር ገባ።

«ዝጉት! ጎተራውን ዝጉት! አንድ ፍሬ እንዳይወጣ!»

በግቢው መሃል የሚሮጡት እማማ ቁና ነበሩ። ስድሳ ስምንት ዓመት ያገለገለ ጉልበት እንዲያ ሲሮጥ ያየ ፈረሰኛ የለም። ሻሻቸው ወደ ኋላ ተንሸራቷል፤ በአንድ እጃቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበዋል፤ በሌላው ከወገባቸው የማይለየውን የጎተራ ቁልፍ ጨብጠዋል። ለምሽጉ ፈረሶች ገብስ የሚሰፍሩት እሳቸው ናቸውና ፈረሰኛው ሁሉ በመስፈሪያ እቃቸው ስም አውጥቶ እማማ ቁና ይላቸዋል። ተሸካሚዎቹ የመጨረሻውን ጆንያ ጎተራው ውስጥ ወርውረው ሲወጡ በሩን ገፍተው ዘጉት፣ ቆለፉት፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ደፉ ላይ ቁጭ አሉ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ማንም ምን እንደሆኑ አልገባውም።

የጋጡ ኃላፊ ባልደራሱ ነበር፤ ጎልማሳ፣ ትከሻ ሰፊ፣ ፈረስ መያዝን ከእማማ ቁና ሟች ባለቤት እግር ስር ቁጭ ብሎ የተማረ።

«እማማ፣ ምን ነካዎት?» አለ ጎንበስ ብሎ። «ለእያንዳንዱ ሙሉ ቁና ይሰጠው ተብሎ ታዟል እኮ።»

«ሙሉ ቁና ስጥና ከነገ ወዲያ ቆዳ ስትገፍ ትውላለህ።»

«ኧረ እማማ!» አለ ከወደ ኋላ ጥርሶ የሚሉት ፈረሰኛ። ፈጣሪ ሲያለቅስም የሚስቅ የሚመስል ፊት የሰጠው ሰው ነው። «እኛ ከአፋችን ቆርሰን ስናበላቸው ከረምን። ዛሬ እህል ሲመጣ እርስዎ በር ላይ ተቀመጡ? ፈረሴ እኮ ትናንት የቀበቶዬን ጫፍ በላው! ነገ ሱሪዬን ነው!»

ሳቅ ተነሣ። እማማ ቁና ግን አልሳቁም። ሳቁ ሳያልቅ ሰው ለሁለት ተከፈለና አዛዡ መጡ፤ ግራ እጃቸው በጨርቅ ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ትእዛዜን የሚያስቆም ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።» እማማ ቁና ሊነሡ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ አለ፤ እዚያው እንደተቀመጡ ተናገሩ። «የተራበ አንጀት የጠፋ ምድጃ ነው። የጠፋ ምድጃ ላይ ግንድ አይጫንም፤ ጭራሮ ነው የሚቀድመው። ዛሬ ሣር ብቻ ይብሉ፣ እሱም እየቆየ ጥቂት በጥቂት። ነገ ከሣሩ ጋር አንድ አንድ እፍኝ ገብስ። ከነገ ወዲያ ሁለት ሁለት። እንዲያ ካልሆነ ግማሹ በሆድ ቁርጠት ይወድቃል፤ የተረፈውን ደግሞ እሳቱ ከሆዱ ወርዶ ሰኮናው ላይ ያርፍበታል። ያኔ ጌታዬ፣ ፈረስ ሳይሆን የቆመ ሐውልት ነው ያለዎት።»

«ጊዜ የለኝም፣ እሜቴ። ዋናው ጦር እስኪደርስ የወንዙን መሻገሪያ ካልያዝኩ ጠላት ተመልሶ ይከበናል። ያኔ የሚበላ ክዳን እንኳ የለም። በአምስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ መውጣት አለብኝ።»

«በአምስተኛው ቀን አርባ ፈረስ እሰጥዎታለሁ።»

«ካልሰጡኝስ?»

«ቁልፉንም አንገቴንም ይውሰዱ።»

አዛዡ ወደ ባልደራሱ ዞሩ። ባልደራሱ መሬት መሬት እያየ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ ጌታዬ፤ ከሳቸው በላይ የማውቀው የለኝም» አለ። አዛዡ፣ «ይሁን» ብለው ሄዱ።

በሕዝቡ መሃል አንድ የሃያ ሁለት ዓመት ፈረሰኛ ፊቱ በኩራት በርቶ ቆሞ ነበር። የልጅ ልጃቸው ነው። ወንዙ ዳር ዓሣ ሲያጠምድ ስላደገ ጓደኞቹ ዓሣው ይሉታል። አባቱ ከሞተ ወዲህ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ብርድ ልብሱ ወልቆ እንደሆን ብለው እስከ ዛሬም ማለዳ ማለዳ ብቅ ብለው ያዩታል። እሱም የተኛ መስሎ ይስቃል።

እማማ ቁና ይህን ሁሉ ያወቁት ከመጽሐፍ አይደለም። የአንባቢነት ነገራቸው ፊደል ቆጥረው፣ ቁጥር ደምረው እስከሚያቆሙበት ነው። ያወቁት በገዛ እጃቸው ጥፋት ነው። አዲስ ሙሽራ ሳሉ ባለቤታቸው ከረጅም ዘመቻ ተመለሱ፤ የመጡባት ግራጫ ባዝራ ጎድኗ ይቆጠር ነበር። አንጀታቸው አልችል ብሎ፣ ባለቤታቸው ሲተኙ፣ ቁናውን ቆልለው ሰጧት። ጨርሳ ስትመለከታቸው ደገሙላት። በማግስቱ ጠዋት ባዝራዋ ደህና ትራመድ ነበር። ማምሻውን ግን የፊት እግሮቿን ወደ ፊት ዘርግታ፣ ተረከዟ ላይ ተደግፋ፣ ፍም ላይ እንደቆመች ትንቀጠቀጥ ጀመር። ከዚያ በኋላ ከግቢ አልወጣችም። ባለቤታቸው እጅም ድምፅም አላነሡባቸውም። ሰውየው የሠሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አፏ በቆዳ የተጠቀለለችውን ቁና እጃቸው ላይ አስቀመጡ። «ከዛሬ ጀምሮ ሰፋሪዋ አንቺ ነሽ» አሉ።

ይኸው አርባ ስድስት ዓመት።

ቀጣዮቹ ሦስት ቀናት ጣር ነበሩ። ሣሩን ውሃ እየነከሩ፣ ገንዳ ለገንዳ እየዞሩ፣ በክንዳቸው እየመጠኑ ሰጡ። ውሃ ሳይጠጣ ገብስ የቀመሰ ፈረስ አልነበረም። በየጋጡ የጨው ድንጋይ አሰቀሉ። ፋንድያውን በእንጨት እየገለበጡ አዩ፤ «ይሄ ረጠበ፣ ለዚህ እፍኙ ይቅር፤ ያኛው ጠጥሯል፣ ውሃ ጨምሩለት» ይላሉ።

«እማማ ቁና» ይላል ጥርሶ፣ «ገብስ መስፈር ትተው ጥሬ መቁጠር ገቡ እንዴ? የኔው ዘጠና ሁለት ፍሬ ነው የደረሰው፤ ያኛው ዘጠና አራት!»

«አፍህን ዝጋና ውሃ አምጣ።»

«አፌ እንኳ አይዘጋም፤ ጥርሴ አላስዘጋ ብሎታል።»

በሁለተኛው ቀን አንድ ፈረሰኛ በራስ ቁሩ ገብስ ደብቆ ሲያስገባ ያዙት። ጎልማሳው ሰው ፈረሱን አንገቱን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ዓይኑን ማየት አቃተኝ፣ እማማ። ሲለምነኝ ማየት አቃተኝ።» እማማ ቁና ገብሱን ተቀበሉት፤ አልከሰሱትም። እንዲህ ያለውን ልቅሶ ያውቁታል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የአርባውም ፀጉር መተኛት፣ ዓይናቸው መብራት ጀመረ። ሩብ ቁና ጠዋት፣ ሩብ ቁና ማታ ላይ ደርሰዋል። ባልደራሱ አንድ አንዱን በሶምሶማ አስሮጠና መጥቶ ትከሻቸውን ሳማቸው።

ከቀትር በኋላ እማማ ቁና የማታውን ገብስ ሲሰፍሩ ዓሣው እየዘለለ መጣ።

«እማማ! ስሚኝማ! ፊት መሪ ሆንኩ!»

ቁናዋ እጃቸው ላይ ቆመች። «ምን መሪ?»

«ፊት መሪ። መሻገሪያውን ከኔ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? የቱ ጋ ድንጋይ እንዳለ፣ የቱ ጋ እንደሚያሰምጥ። ነገ ከሁሉ ቀድሜ ውሃው የምገባው እኔና ቦራ ነን።» ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ፈረሱ ነው።

«ሌላ ሰው የለም?»

«እማማ ደግሞ!»

«አባትህም ፊት መሪ ነበረ።»

የልጁ ፈገግታ ቀዘቀዘ። «አውቃለሁ።»

«ፈረሱ ብቻውን ነው የመጣው። በዚያ በር ነው የገባው። እኔ ነኝ ኮርቻውን ያወረድኩት።»

«አውቃለሁ እማማ፤ ስንቴ ነግረሽኛል።» ጎንበስ ብሎ ግንባራቸውን ሳማቸው። «አትፍሪ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፤ የሚዋጋው እኔ ነኝ።» እያፏጨ ሄደ።

እማማ ቁና ፉጨቱ እስኪጠፋ ቆሙ። ከዚያ የሚያደርጉትን የማያውቁ ሰው አልነበሩም፤ ይህን በኋላ ለራሳቸው ደጋግመው ተናግረውታል። እጄ ሳተ አላሉም። ቁናዋን ጆንያው ውስጥ ከተቱ፣ አወጡ፣ የለመዱትን እንጨት አንሥተው አፏን አልጠረጉም። ቆለሉት። በቦራ የገብስ ከረጢት ውስጥ ገለበጡት። ደግመው ሰፈሩ፤ ደግመው ቆለሉ። ከረጢቱን ተሸክመው ወደ ጋጡ ገቡና ማሰሪያውን በጆሮዎቹ ኋላ አሳለፉለት።

ቦራ በላ። ጋጡ ውስጥ ከማኘኩ ሌላ የሚሰማ የለም። *ነገ ጠዋት ያነክሳል* አሉ በልባቸው። *ያነክስና ልጄ ይቀራል። አንድ ፈረስ ነው። ሌላ ምንም አላጎደልኩም። የሰው ልጅ ከፈረስ አይበልጥም?* እያሉ ገንዳውን ይዘው ቆሙ። ፈረሱ መሃል ላይ ማኘኩን ተወና ከረጢቱ እንደተንጠለጠለ አገጩን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገ፤ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ የለመደው ነው። ከረጢቱን ነጥቀው አወለቁ። ከታች የቀረው ከአንድ እፍኝ አይበልጥም ነበር።

ሌሊቱን ዓይናቸው አልተከደነም። ማለዳ ብርድ ልብስ ሊያዩም አልሄዱም።

ሲነጋ ቦራ አላነከሰም።

ከጋጡ ሲወጣ አንገቱን ሰብቆ፣ ጭራውን አቅንቶ ነው። ፈረሰኞቹ «ሙሽራ መስሏል!» አሉ። እማማ ቁና ግድግዳ ተደግፈው፣ ሳያስቡት፣ «ተመስገን» አሉ። ነገሩ ከላያቸው የተነሣ መሰላቸው። ቀትር ሲቃረብ ግን ልባቸው አላስችል ብሎ ጎንበስ ብለው የፊት እግሩን ዳሰሱ። ከቁርጭምጭሚቱ ኋላ ያለው የደም ስር፣ በጤናው ጊዜ ተፈልጎ የማይገኘው፣ ጣታቸውን እየመታ ይዘል ነበር። ሰኮናው የቀትር ፀሐይ እንደዋለበት ድንጋይ ሞቋል።

ግራጫዋ ባዝራም ጠዋት ደህና ትራመድ ነበር።

እዚያው እንደተንበረከኩ ሒሳቡ መጣላቸው። አሁን አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ከቀትር በኋላ ይወጣሉ። ወንዙ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ቦራ እስከዚያ ይደርሳል፤ ሲደርስ ግን እግሮቹ ያልቃሉ። ከሞት ሊያስቀሩት ያሰቡትን ልጅ፣ ጦሩ ፊት ለፊት፣ መሃል ውሃ ላይ፣ መራመድ በማይችል ፈረስ ሊያቆሙት ነው።

ሮጠው ዓሣውን ያዙት። ኮርቻውን እያሰረ ነበር።

«የኔ ጌታ፣ ቦራን ዛሬ ተወው። ሌላ ውሰድ።»

«ሌላ የት አለ? ለምን?»

«ዓይኔ አላማረውም።»

ሳቀ። «አንቺ መቼ ዓይንሽ አምሮት ያውቃል? ጥላሽን ስታዪ ‹ማነህ› የምትዪ ሰው!» ጠፍሩን ጠበቅ አደረገ። «እየውማ፣ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።»

መለከት ተነፋ። አርባው ፈረስ በግቢው ተሰለፈ፤ ልጓም ተንቃጨለ፤ አዛዡ በደህና እጃቸው ተደግፈው ኮርቻ ላይ ወጡ። እማማ ቁና በሰልፉ መሃል ገቡ። ሁሉም ሊመርቁ የመጡ መሰለው። ጥርሶ ቁር አውልቆ ራሱን ዘንበል አደረገላቸው።

«ጌታዬ» አሉ። «ያ ፈረስ እንዳይሄድ። ትናንት ሁለት ቁና ቆልዬ አብልቼዋለሁ። ሳላውቅ አይደለም። የልጅ ልጄን ለማስቀረት ብዬ ነው።»

አዛዡ ባልደራሱን በአገጫቸው ጠቆሙት።

ባልደራሱ መጥቶ ከቦራ እግር ስር ተንበረከከ። ዳሰሰ። ሌላኛውን ዳሰሰ። ሲነሣ ወደ እማማ ቁና አላየም። «እውነት ነው፣ ጌታዬ። እስከ ማታ መቆም አይችልም።»

«በጦር ጊዜ ፈረስ ያሰናከለ ምን እንደሚደረግ ያውቃሉ?» አሉ አዛዡ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ማን አወቀብዎት? ለምን ተናገሩ?»

«ዝም ብል እስከ ወንዙ ያደርሰዋል፣ ጌታዬ። አይመልሰውም እንጂ።»

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» አለ ጥርሶ ቀስ ብሎ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላይ ሳቅ የሚመስል ነገር አልነበረም።

አዛዡ እጃቸውን ዘረጉ። «ቁልፉን።» እማማ ቁና ከወገባቸው ፈቱት። አርባ ስድስት ዓመት የተንጠለጠለበት ቦታ ቀዘቀዛቸው። «ስመለስ እንነጋገራለን። እስከዚያ ከግቢው አይወጡም።»

«የኔን ባዝራ ይውሰድ» አለ ባልደራሱ። «ከሌሎቹ ጋር በልክ በልታለች። እኔ ቦራን ይዤ እቀራለሁ።»

ዓሣው ኮርቻውን ከቦራ አወረደ። አያቱ አጠገብ ሲያልፍ ሳያያቸው፣ «አባቴን ፈረሱ አልገደለውም፣ እማማ» አለ። ኮርቻውን ባዝራዋ ላይ ጫነ።

ለመንገድ የሚያዘው ገብስ ግማሽ ግማሽ ቁና ነበር። ጆንያው ግቢው መሃል ተከፍቶ፣ ቁናዋ ላዩ ላይ ተቀምጣ፣ እማማ ቁና እንደ ልማዳቸው አጠገቧ ቆመዋል። የሄዱበት ሌላ ቦታ ስለሌለ ነው የቆሙት። ፈረሰኞቹ አንድ በአንድ መጡ። ከረጢታቸውን የሚሰጣቸው አልነበረም። ያኛው በራሱ እጅ ዘገነ፤ ቀጣዩ በራስ ቁሩ ቀዳ። በገብስ ሌብነት የያዙት፣ አልቅሶ የማሩት ጎልማሳ እንኳ ፊቱን አዙሮ አለፈ። እማማ ቁና በዓይናቸው ይመዝኑ ነበር፤ የዚህ ጎደለ፣ የዚያኛው ተረፈ።

መጨረሻ ላይ የባልደራሱ ባዝራ ፊታቸው ቆመች። ቀና አላሉም። ጫማውን አወቁት፤ ማሰሪያውን የሰፉለት እሳቸው ናቸው።

ባዶ ከረጢት ከኮርቻው ላይ ወደ ታች ወረደና አፉን ከፍቶ ቆመ።

«ስፈሪልኝ።»

ግቢው ሁሉ ያያል። አዛዡም ልጓማቸውን ይዘው ዞረዋል።

«እኔ?» አሉ።

«ከጎረቤት ሰፋሪ ልጥራ?» ድምፁ አሁንም ቁጡ ነው፤ ከረጢቱ ግን አልተነቃነቀም። «ሩቅ መንገደኛ ነኝ እማማ፣ ቶሎ በይ።»

ቁናዋን አነሡ። ጆንያው ውስጥ ከተቷት፣ ግማሿ ድረስ ሞሉ። እንጨቱን ፈልገው አገኙ፤ ከውስጥ ያለችውን የግማሽ ምልክት እስኪያገኝ ጠረጉት። አንድ እፍኝ ትርፍ ነበር፤ መለሱት። ሁለት ፍሬ ጎደለ መሰላቸው፤ ጨመሩ። ከረጢቱ ውስጥ ሲገለብጡ አንዲትም መሬት አልወደቀችም። ዓሣው ከረጢቱን በእጁ ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነ፣ አፉን አሰረ፣ ከኮርቻው አንጠለጠለ። ከዚያ ለአንድ አፍታ አያቸው። ፈገግ አላለም። ባዝራዋን በተረከዙ ነካ አድርጎ ወደ ሰልፉ ፊት ሄደ።

ጥርሶ የቀዳውን ገብስ ጆንያው ውስጥ መልሶ ገለበጠና ባዶ ከረጢቱን ይዞ መጣ። «የኔማ ሳይተርፍ አይቀርም» አለ መሬት እያየ። ሰፈሩለት።

በሩ ተከፈተ።

እማማ ቁና የመጨረሻው ጭራ ከበሩ ሲወጣ አላዩም። ባልደራሱን ረድተው፣ ሰኮናው እንዲበርድለት፣ ቦራን ቀስ በቀስ በግቢው ጥግ ወደሚያልፈው ጅረት መርተውት ነበር። ፈረሱ አሁን እርምጃው አጥሯል፤ እያንዳንዷን እግር ሲያሳርፍ ያስባል። ውሃው ውስጥ ሲገባ ተነፈሰ። እሳቸውም ቀሚሳቸውን ሳይሰበስቡ ተከትለው ገቡ፣ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ከቁርጭምጭሚቱ ኋላ አደረጉ። እዚያ የደም ስሩ ይዘላል፤ ይዘላል።

«እስከ ማታ እናቆመዋለን» አለ ባልደራሱ። «ምናልባት።»

«ዝም በልማ።»

ከግንቡ ማዶ ሰልፉ የእንጨቱን ድልድይ ያዘ። ሠላሳ ዘጠኝ ፈረስ፣ መቶ ሃምሳ ስድስት ኮቴ፣ በሳንቃው ላይ እንደ በረዶ ዝናብ ወረደ። እማማ ቁና አንገታቸውን ቀልሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸው በቀዝቃዛው ውሃ እየደነዘዘ አዳመጡ። የሚዘገይ ኮቴ ፈለጉ። የሚደናቀፍ፣ የሚፈራ፣ ከሌሎቹ ቀለል ብሎ የሚያርፍ። ከፊተኛዋ ባዝራ ጀምረው እስከ መጨረሻው አንድ አንዱን ለዩ፤ ሳንቃው ዝም እስኪል፣ ከዚያም አፈሩ እስኪውጠው።

አንዱም አያነክስም ነበር።